ሆድ የማይፈጀው ደም

በከዚራው

ነሐሴ 2014 ዓ.ም. የድሬዳዋ ኢንዱስትሪ ፓርክ ነፃ የንግድ ቀጠና ተብሎ ሲመረቅ ከተማው ሁሉ ያወራው ስለ ጭነት ነበር፤ ከጅቡቲ ስለሚገባው ኮንቴይነር፣ ስለ ባቡሩ፣ ስለ መጋዘኑ። ጭነት ባለበት ግን ከክምር ላይ የሚወድቅ፣ በፎርክሊፍትና በግድግዳ መካከል የሚጣበቅ፣ ከሌሊት ፈረቃ ሲመለስ ባጃጅ የሚገለበጥበት ሰውም አለ።

እጁ ለተቆረጠ ሁሉም ይሮጣል። ሆዱን የተመታው ግን ሱሪውን አራግፎ «ደህና ነኝ፣ ውሃ ስጡኝ» ይላል። ጣፊያው ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል። የወጣት ሰውነት ብዙ ደም እስኪያጣ ድረስ የደም ግፊቱን ይዞ ይቆይና ድንገት ይከዳል። ሆድ ይፍጀው የሚባለው ለብሶት ነው፤ ለደም አይሆንም።

ሐኪሞች ፋስት የሚሉት ምርመራ ለዚህ ነው የመጣው። በሽተኛው ወደ ማሽኑ አይገፋም፤ አልትራሳውንዱ ወደ አልጋው ይመጣል። ጄል ተቀብቶ አራት ቦታ ይታያል፦ በጉበትና በቀኝ ኩላሊት መካከል፣ በጣፊያና በግራ ኩላሊት መካከል፣ ፊኛው አካባቢ፣ የልብ ሽፋን ውስጥ። የፈሰሰ ደም ስክሪኑ ላይ ጥቁር ሆኖ ይወጣል። ለለመደ እጅ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። ደም ከታየና ግፊቱ ከወረደ መንገዱ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1988 አርሜንያ በርዕደ መሬት ስትመታ፣ ሐኪሞች በዚያ ዘመን ማሽን በ72 ሰዓት ውስጥ 400 ቁስለኞችን እንዲህ አይተዋል።

እኛ ዘንድ አልትራሳውንድ የእርጉዝ ማሽን ነው። «ታየሁ» ላለች ሴት ቀጣዩ ጥያቄ «ወንድ ነው ሴት?» ነው። ስለዚህ የማሽን እጥረት የሚለው ምክንያት ብዙም አይዋጥልኝም። አንድ ሌሊት ዘመድ ይዤ የሄድኩበት ሕክምና ቤት፣ ስሙ ይቅር፣ ማሽኑ ነበር፤ ክፍሉ ተቆልፎ ቁልፉ ከባለሙያው ጋር ቤቱ ገብቷል። የሚያሠለጥንም አልጠፋም፤ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ የድንገተኛ ሕክምና ስፔሻሊስቶችን ያሠለጥናል። እዚህ ድሬዳዋ ድልጮራም ሆነ ሳቢያን ሆስፒታል፣ የሌሊት ተረኛው ሐኪም ራሱ ማሽኑን እንዲይዝ መሠልጠንም መፈቀድም አለበት።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 አሠሪው ለተጎዳው ሠራተኛ በጊዜው የመጀመሪያ እርዳታ እንዲሰጥና በተስማሚ መጓጓዣ በአቅራቢያ ወዳለ ሕክምና እንዲያደርሰው ያዛል። «በአቅራቢያ» የሚለው ቃል ይከነክነኛል። ቅርብ ሆኖ ቀዶ ሐኪም የሌለበት ሕክምና ቤት ደጅ ቆሞ፣ ደም እየፈሰሰ የደንገጎን ዳገት ወጥቶ ሐረር መድረስ ምኑ ቅርብ ነው? ፓርኩ ውስጥ የሚደረግ የጥቂት ደቂቃ ምርመራ ቢያንስ የት እንደሚኬድ ይወስናል፤ የሚቀበለው ሆስፒታልም በስልክ ይዘጋጃል። አምቡላንሱ ቆሞ ከጠበቀ ግን ምርመራው ይቅር።

ሌላም ፍርሃት አለኝ። ፋስት ትንሽ ደም አያይም፤ የተበሳ አንጀትና ከሆድ ዕቃ ጀርባ የፈሰሰ ደም ያመልጡታል። «ምንም አልታየም» ማለት ምንም የለም ማለት አይደለም። ያንን ወረቀት የያዘ ሠራተኛን ግን አለቃው በዚያው ቀን ወደ ሥራው ሊመልሰው ይችላል። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ ምርመራው የሚደገምበት ሰዓት ይጻፍ፤ ሰውየውም እስከዚያ አልጋ ላይ ይቆይ፣ የቀን ሒሳቡ ሳይቆረጥ።