ገንዘብ ሲረክስ ዕዳው የማን ነው?

ርእሰ አንቀጽ

በአገራችን የጤፍና የዘይት ዋጋ በወጣ ቁጥር ወቀሳው ሁሉ በነጋዴው ላይ ይወርዳል፡፡ መጋዘን ይታሸጋል፤ ቸርቻሪ ይታሰራል፡፡ ዕቃ የሚደብቅ ነጋዴ የለም አንልም፡፡ ነገር ግን ነጋዴ ትርፍ መውደድ የጀመረው ዛሬ አይደለም፤ ስለዚህ የሁሉም ዕቃ ዋጋ ዓመት ከዓመት ሲንር ምክንያቱን በስግብግብነት ብቻ ማሳበብ ሕዝብን ማታለል ነው፡፡ ድርቅ፣ ጦርነትና የዓለም ገበያ የየራሳቸው ድርሻ አላቸው፡፡ የተማረው ክፍል ግን ከዚህም አልፎ የገንዘቡን ምንጭ መመርመር አለበት፡፡

ምንጩ ሁለት ነው፡፡ አንደኛው ተራው ባንክ ነው፡፡ ባንክ የተቀመጠለትን ገንዘብ ቆልፎ አይጠብቅም፤ ጥቂቱን በመጠባበቂያ ይዞ የቀረውን ያበድራል፡፡ መጠባበቂያው ከመቶ 10 ቢሆን፣ ከ100 ብር 90ው ለተበዳሪ ይሰጣል፡፡ ያ 90 ብር ተመልሶ ባንክ ሲገባ ከእርሱ 81 ብር እንደገና ለብድር ይወጣል፡፡ እንዲህ እየተባለ 100ው ብር ቢበዛ እስከ 1,000 ብር ተቀማጭ ሊደርስ ይችላል፡፡ አንድም አዲስ ኖት ሳይታተም ገንዘብ በዛ ማለት ነው፡፡ ይህ በራሱ ጥፋት አይደለም፡፡ ብድሩ መስኖ ካወጣ፣ ፋብሪካ ካቆመ፣ ዕቃውም አብሮ ይበዛል፡፡ ለቦታና ለሕንፃ ሽሚያ ከዋለ ግን ብሩ ይበዛል፤ ኩንታሉ አይጨምርም፡፡

ሁለተኛውና የከፋው ምንጭ መንግሥት ከማዕከላዊ ባንክ በቀጥታ የሚወስደው ብድር ነው፡፡ ከግብር ይልቅ ይህ ለገዢ ይቀለዋል፤ ማንንም ደጅ አያስጠናም፣ ደረሰኝም አያስቆርጥም፡፡ መጨረሻው ግን በጀርመን ታይቷል፡፡ በኅዳር 1923 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) አንድ ዶላር 4.2 ትሪሊዮን ማርክ ደርሶ፣ የዕድሜ ልክ ቁጠባ የዳቦ መግዣ እንኳ ሳይሆን ቀረ፡፡

የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በ1963 በወጣ ሕግ ከንግድ ባንክ ተለይቶ የቆመው የብርን ዋጋ እንዲጠብቅ ነበር፡፡ በ2007 እና በ2008 የባንኮችን መጠባበቂያ ከመቶ 5 ወደ 10፣ ቀጥሎም ወደ 15 ከፍ አደረገ፤ የሆነ ሆኖ በ2008 የዋጋ ንረቱ ከመቶ 60 አለፈ፡፡ በ2011 ደግሞ ባንኮች ከሚሰጡት አዲስ ብድር የ27 ከመቶውን ያህል የብሔራዊ ባንክ ሰነድ እንዲገዙ ታዘዙ፤ ትእዛዙ እስከ 2019 ጸና፡፡ በ2021 መጠባበቂያው ከ5 ወደ 10 ተመለሰ፡፡ ልብ በሉ፤ ይህ ሁሉ የሚያጠብቀው የባንኮችን በር ነው፡፡ መንግሥት የሚወስደው ቀጥታ ብድር ካለፈው ዓመት ከሲሶ እንዳይበልጥ የተወሰነው በነሐሴ 2023 ነው፡፡ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሏል ይህ ነው፡፡

ከፋዩስ ማን ነው? አዲሱን ገንዘብ በመጀመሪያ የሚያገኘው ዋጋ ሳይነሣ ይገዛበታል፡፡ በመጨረሻ የሚደርሰው መምህር፣ የቀን ሠራተኛ፣ ጡረተኛ ግን የሚገዛው ዋጋው ከወጣ በኋላ ነው፡፡ ገበሬው እህሉን ለዕዳና ለግብር ሲል በአዝመራ ወራት በርካሽ ይሸጣል፤ በክረምት በውድ ይሸምታል፡፡ ብዙ የተበደረው ባለጸጋ ግን ዕዳውን በረከሰ ብር ይከፍላል፡፡ ይህ ማንም ያልመከረበት፣ ከድሃ ተነሥቶ ወደ ሀብታም የሚሄድ ግብር ነው፡፡ ከውጭ አገር ለቤተሰብ ገንዘብ የምንልክ ሁሉም በዶላሩ ምንዛሪ መጨመር አንደሰት፤ የተጨመረው ብር ገበያ ሲወጣ ይቀልጣል፡፡

እንግዲህ ጥያቄያችን ግልጽ ነው፡፡ የመንግሥት ብድር ልክ ይኑረው፤ ልኩም በሰላምም በጦርነትም ይከበር፡፡ ከብሔራዊ ባንክ የተወሰደው ገንዘብ በየወሩ ለሕዝብ ይገለጽ፡፡ ብድር ለእርሻና ለሥራ ይቅደም፡፡ የድሃ ቁጠባም ዋጋውን የሚጠብቅ ወለድ ያግኝ፡፡

በአገር ውስጥም በውጭም ያለን ተማሪዎች ይህን ነገር በውጭ ቋንቋ ለመመረቂያ ጽሑፍ ብቻ አናስቀረው፡፡ ኪሱ ለምን እንደ ጎደለ የገባው ሕዝብ ማንን መጠየቅ እንዳለበት ያውቃል፡፡