የግማሽ ቀን ጋምቤላ

ባለፈው የኪነ ጥበብ ምሽት አንድ ጓደኛችን «ጋምቤላን በግማሽ ቀን» የሚል የጉዞ ማስታወሻ አነበበልን። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፤ አልዋሽም። ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብ እጅ አጣጥፎ መቀመጥ ድፍረት ይጠይቃል፤ እሷ ደግሞ ያን ማታ አልነበረችኝም። የቆጨኝ ማደሪያ ገብቼ ከተኛሁ በኋላ ነው። የጓደኛዬን ስም አልጠራም። ክፉ ልጅ አይደለም፤ ትናንት እንኳ ሻይ የጋበዘኝ እሱ ነው። ጠቤ ከጽሑፉ ጋር ነው፤ ከጭብጨባውም ጋር፣ የራሴን ጭምር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለጥናት ጉዞ የወጡት ልጆች በጅማ፣ በበደሌ፣ በመቱ፣ በጎሬ አድርገው ሁለት ቀን ሙሉ በአውቶቡስ ሲንገላቱ ከረሙ። ከቡሬ (የጎጃሙን አይደለም፣ የኢሉባቦሩን) ጀምሮ መንገዱ ቁልቁል ይወርዳል፤ ጫካው ይሳሳል፣ ሹራብ ይወልቃል፣ መስኮት ይከፈታል። ቀትር ላይ ጋምቤላ ገቡ፤ በማግሥቱ ጎሕ ሳይቀድ ተመለሱ። ሁለት ቀን መሄጃ፣ ሁለት ቀን መመለሻ፣ ግማሽ ቀን ጋምቤላ! ከዚህችው ግማሽ ቀን ላይ ደግሞ ምሳውን፣ ገላ መታጠቡንና ከሙቀቱ የተነሳ የተኛችውን እንቅልፍ ቀንሱ።

በቀረችው ሰዓት ጓደኛችን ምን አየ? ድልድይ አየ። የጀምበር መጥለቅ አየ። በራሷ ላይ የተሸከመች ሴት አየ። ባሮ ዳር ገላቸውን የሚታጠቡ ሰዎች አየና ሳያስፈቅድ ፎቶ አነሳ። የአዞ ወሬ ሰማ። ከዚያ ያቺ ዓረፍተ ነገር መጣች፤ «ሕዝቡ የዋህና እንግዳ ተቀባይ ነው።» ጭብጨባው የደመቀው እዚህ ላይ ነበር።

ቆይ እስቲ፣ የትኛው ሕዝብ? አኝዋኩ ነው? ኑዌሩ? መዠንግሩ፣ ኦፖው፣ ኮሞው? ወይስ እንደኔ ቤተሰብ ከደጋ ወርዶ ሱቅ የከፈተው? በጽሑፉ ውስጥ አንድም የሰው ስም የለም። አንድም ሰው አፉን ከፍቶ አይናገርም። ከሁሉ ይልቅ ብዙ ቦታ የያዘው አዞው ነው። እኔ የታዘብኩትን ልንገራችሁ፤ «የዋህ» የምንለው ቋንቋውን የማናውቀውን ሰው ነው። የሚለውን ብንሰማ ኖሮ አንዱ ቀልደኛ፣ አንዱ ነገረኛ፣ ሌላው በኛው በጎብኚዎቹ ሲስቅ የዋለ መሆኑን እናውቅ ነበር።

«ምን እናድርግ፣ ጊዜ አልነበረን» ይላሉ። ይሁን። የጊዜውን ነገር እመለስበታለሁ። አስቀድሜ ግን አንድ ነገር ላስታውስ። ቦሌ ላይ አውሮፕላን የሚቀይር ፈረንጅ ግማሽ ቀን ሲተርፈው ታክሲ ይይዛል፤ ብሔራዊ ሙዚየም ገብቶ ድንቅነሽን ያያል፣ እንጦጦ ወጥቶ ቁልቁል ይመለከታል፣ መርካቶ ላይ ቦርሳውን በደረቱ አቅፎ ሩብ ሰዓት ይዞራል። አገሩ ሲገባ «ኢትዮጵያውያን ድሆች ናቸው፣ ግን ፈገግ ይላሉ» ብሎ ይጽፋል። ያኔ እኛ እንዴት እንደምንንጨረጨር! «ማን ነግሮህ? የት አየኸን?» እንላለን፤ ታሪካችንን ከአክሱም ጀምረን እንዘረግፍበታለን። ታዲያ በኛ ላይ ሲሆን ንቀት የሆነው ነገር እኛ በጋምቤላ ላይ ስናደርገው በምን ተአምር የጉዞ ማስታወሻ ሆነ?

ጋምቤላ ዋና ከተማ ናት። የራሷ ምክር ቤት ያላት የአንድ ክልል መዲና። ዋና ከተማን የሚጎበኝ ሰው ቢያንስ ከተማይቱ ለምን እዚያ እንደተቆረቆረች መጠየቅ አለበት። ጓደኛችን ጀምበር ስትጠልቅ ከቆመበት ድልድይ ትንሽ ራቅ ብሎ፣ ያው ወንዝ ዳር፣ የድሮው ወደብ ነበር። አዎ፣ ወደብ! ቀይ ባሕር ባሕር በር እያልን ስንነታረክ የምንውል ተማሪዎች፣ በወንዝ መርከብ ከካርቱም ጋር የሚያገናኝ ወደብ እንደነበረን ስንቶቻችን እናውቃለን? ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር ባደረጉት ውል በባሮ ዳር፣ በኢታንግ አካባቢ፣ ከ2,000 ሜትር የማይበልጥ የወንዝ ዳርቻና ከ400 ሄክታር የማይበልጥ መሬት ለንግድ ጣቢያ እንዲሰጥ ፈቀዱ። ውሉ የሚጸናው ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ አስተዳደር ሥር እስካለች ድረስ ነው። ጣቢያው ጋምቤላ ላይ ሆነ። ክረምት ሲገባና ባሮ ሲሞላ መርከቦቹ ይመጣሉ፤ ጨውና ጨርቅ ያራግፋሉ፤ የኢሉባቦርንና የወለጋን ቡና፣ ሰምና ቆዳ ጭነው ይወርዳሉ። ውሃው ሲጎድል ወደቡ ጭር ይላል። ሱዳን ነጻ ስትወጣ፣ በጥቅምት 1949 ዓ.ም.፣ ጣቢያው ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ። እኛ የጥቁር ዓባይን ስም ስንጠራ አንጠግብም፤ ባሮ ግን ከፒቦር ጋር ተገናኝቶ ሶባት ይሆንና ከነጭ ዓባይ ጋር እንደሚቀላቀል ለማሰብ ፋታ የለንም።

ሌላም አለ። ጣሊያን ጋምቤላንም ይዟት ነበር። በመጋቢት 1933 ዓ.ም. ያስለቀቋት ከእንግሊዝ የምሥራቅ አፍሪካ ጦር ጋር ከቤልጂግ ኮንጎ የመጡ ወታደሮች ናቸው። የኮንጎ ገበሬ ልጆች፣ እነሱም በሌላ ነጭ ቀንበር ሥር ሆነው፣ የኛን ከተማ ነጻ ለማውጣት አፍሪካን አቋርጠው መጡ። ይህን ጽሑፍ ከማዘጋጀቴ በፊት በማደሪያችን አሥር ሰው ጠይቄ ነበር። አንድም ሰምቶ የሚያውቅ የለም። ስለ አዞው ግን አሥሩም ያውቃሉ።

ስለ ስደተኞቹ ጓደኛችን አንዲት ሐረግ ጽፏል፤ «ብዙ ስደተኞችም አሉ»። በቃ። የክልሉ ሕዝብ በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ 307,096 ነበር። ከታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. ወዲህ በደቡብ ሱዳን ጦርነት ምክንያት ተሰድዶ ጋምቤላ የገባው ሰው ከ300 ሺህ አልፏል። ከዚያም በፊት፣ በደርግ ዘመን፣ ኢታንግ ግዙፍ የስደተኛ መጠለያ ነበረች፤ በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ በጥቂት ቀናት ውስጥ ባዶዋን ቀረች። ባለቤቱን የሚያህል እንግዳ ያደረበት ቤት ምን ምን እንደሚገጥመው፣ ውሃው፣ ማገዶው፣ መሬቱ፣ ጠቡ እንዴት እንደሚሆን አስቡት። «እንግዳ ተቀባይ» የሚለውን ቃል ጓደኛችን የጻፈው ለሻይ ግብዣ ነው።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ፤ በሰው ላይ ብቻ ጣት መቀሰር አይሆንም።

እኔ የተወለድኩት እዚያው ነው። አያቴ በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ ለሰፈራ ከወሎ የመጡ ናቸው። መኪና አምጥቶ አራገፋቸው፤ አገሩንም ወባውንም አንድ ቀን ተዋወቁት። ከግቢያችን ጎን የአኝዋክ ቤተሰብ ይኖር ነበር። የቤቱ ልጅ እኩያዬ ነው፤ አኝዋክኛ፣ ኑዌርኛና አማርኛ አቀላጥፎ ይናገራል፣ እንግሊዝኛውም ከኔ ይሻላል። እኔ አማርኛ። ኳስ ስንጫወት በኔ ቋንቋ ይሰድበኛል፤ እኔ በሱ ቋንቋ «አቀብለኝ» ማለት አልችልም። ክልሉ የሚሠራበት ቋንቋ አማርኛ ነዋ! ትምህርት ቤቱም፣ ቢሮውም፣ ሱቁም ወደኔ መጣልኝ፤ እኔ ወደማንም መሄድ አላስፈለገኝም። ከኑዌርኛ «ማሌ» የምትለዋን ሰላምታ አውቃለሁ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ኖሬ አንዲት ቃል! ስለዚህ ጓደኛዬን የግማሽ ቀን እንግዳ ስለው እኔም ያው መሆኔን ደብቄ አይደለም፤ የኔ ግማሽ ቀን ረዘመች እንጂ።

ከዚህም የከፋ አለ። ታኅሣሥ 3 ቀን 1996 ዓ.ም. ሰዎች ተሳፍረውበት በነበረ መኪና ላይ ጥቃት መድረሱና የሞቱት ሬሳ ወደ ከተማ መምጣቱ ሲሰማ፣ ወታደሮችና ከደጋ የመጡ ነዋሪዎች አኝዋኮችን በየቤቱና በየመንገዱ እያሳደዱ ገደሉ። በዚያ ቀንና በተከታዮቹ ቀናት በመቶ የሚቆጠር ሰው አለቀ፤ ሺዎች ወደ ሱዳን ተሰደዱ። እኔ ያኔ ጡት የምጠባ ሕፃን ነበርኩ። የጎረቤታችን ልጅም እንደዚሁ። እሱ አባቱን የሚያውቀው በፎቶ ነው። ለምን በፎቶ ብቻ እንደሆነ በልጅነቴ ጠይቄው አላውቅም፤ ካደግሁ በኋላ ደግሞ ለመጠየቅ ፈራሁ። እናቴን ስለዚያ ቀን ስጠይቃት «ተወው ልጄ፣ ቡናው ይቀዘቅዛል» ትለኛለች። ጓደኛችን «ሰላማዊ ጎዳና» ብሎ በጻፈው ጎዳና ላይ ነው ይህ ሁሉ የሆነው። አላወቀም፤ አልፈርድበትም። ግን «ሰላማዊ» ብሎ ከመጻፉ በፊት አንድ ሰው መጠየቅ ስንት ደቂቃ ይፈጃል?

እንግዲህ ወደ ጊዜው ነገር። ግማሽ ቀን ብቻ ያለው ሰው ጋምቤላ አይሂድ አልልም። ይሂድ! እኔ ብመራው ግን በቀትር አላስገባውም። ሌሊቱን መንገድ ላይ አሳድሬ በጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ባሮ ዳር አቆመዋለሁ። የጋምቤላ ሰው ሥራውን የሚሠራው ፀሐይ ሳትከር ነው፤ በበጋ ሙቀቱ ወደ 40 ዲግሪ ይጠጋል፤ እኛ «ሰነፎች፣ በቀን ተኝተው አገኘናቸው» የምንለው እነሱ ከሌሊቱ ጀምሮ ሠርተው ጥላ ሲገቡ እየደረስን ነው። ድልድዩን በእግር ያሻግርና ይመልሰው። ከዚያ ጃጃባ ከባሮ የሚገናኝበትን ያሳየው። ወደቡ የነበረበት ዳር ወስዶ ያስቀምጠውና ከላይ ያወራሁትን ያውራለት። ገበያ ይግባ፤ ዓሣውን፣ በቆሎውን፣ ማንጎውን አይቶ ዋጋ ይጠይቅ፣ ይከራከር፣ ይሸነፍ። ኒውላንድ ሰፈር ሄዶ አንድ የኑዌር ሽማግሌ አጠገብ ይቀመጥና ስለ ከብት ይጠይቅ፤ ሰዓቱ ያልቃል እንጂ ወሬው አያልቅም። ስለ ፓርኩም እግረ መንገዱን ይስማ፤ ነጭ ጆሮ ያለው ቆርኬ በመቶ ሺዎች ሆኖ ከደቡብ ሱዳን ጋር ድንበር ሳያውቅ የሚመላለስበት አገር ነው፤ ይህን ለማየት ግን ግማሽ ቀን አይበቃምና አይመኝ።

ካሜራው? ይያዝ። ግን ሰው ገላውን ሲታጠብ አያንሳ። እንጦጦ ሥር እህትህ ገላዋን ስትታጠብ ቱሪስት ቢያነሳት ምን ታደርገው ነበር? ልጅ ሳለን ወታደሮቹ ድልድዩን ፎቶ ማንሳት ይከለክሉ ነበር፤ ብረቱን የሚጠብቅለት ነበረው ማለት ነው።

ከሁሉ በላይ፣ የሦስት ሰው ስም ይዞ ይመለስ። ሦስት ስም፣ ከነቋንቋቸውና ከነሥራቸው። ይህ አንድ ሰዓት አይፈጅም። ከዚያ በኋላ «ሕዝቡ እንዲህ ነው» ብሎ ለመጻፍ ብዕሩን ሲያነሳ፣ ሦስቱ ፊቱ ድቅን ይሉና እጁን ይይዙታል። ባይይዙትም እንኳ የጽሑፉ ጣዕም ይለወጣል።

በመጪው ሴሚስተር ሌላ ክፍል ወደዚያው ሊሄድ መሆኑን ሰምቻለሁ። ፕሮግራሙ ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል። «ሦስተኛ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፤ የጋምቤላ ከተማ ጉብኝት» ይላል። ሰኞ ዕለት ከሥሩ «ከማን ጋር?» ብዬ በእርሳስ ጻፍኩበት። ረቡዕ ሳልፍ ተፍቆ አገኘሁት። ዛሬ በእስክሪብቶ ጽፌዋለሁ።