አዲስ የድመት ግልገል ከቤቱ ነባር ድመት ጋራ ስለ ማስማማት

ቤትን ማስተዳደር ማለት ሰውን ብቻ ማስተዳደር አይደለም። በደጅ የሚጠብቀው ውሻ፥ በጓዳ የምትመላለሰው ድመት፥ ሁሉም የቤቱን እንጀራ የሚበሉ ስለ ሆኑ፥ በመካከላቸው ሰላም ሲጠፋ ቤቱም ዕረፍት ያጣል። ስለዚህ በዛሬው ገጻችን፥ ትንሽ በሚመስል ነገር ግን ብዙ ቤተ ሰብ በሚያስቸግር ጉዳይ ላይ ጥቂት ቃል እንናገራለን። ይኸውም ድመት ባለችበት ቤት ሌላ ግልገል በመጣ ጊዜ ሁለቱ እንዴት ሊስማሙ እንደሚችሉ ነው።

ነገሩ ብዙ ጊዜ እንዲህ ይሆናል። የቤቱ ድመት አርጅታ አይጥ መያዝ ትታለች፤ ወይም ልጆች በዘመድ ቤት ግልገል አይተው ይለምናሉ። ጌታው ግልገሉን በቅርጫት አስይዞ ያመጣና፥ በነባሪቱ ድመት ፊት አስቀምጦ «እንግዲህ ተዋወቁ» ይላል። ነባሪቱ ጠጉሯን አቁማ፥ ጆሮዋን አጣጥፋ፥ ጥርሷን ገልጣ «ፍስስ» ትላለች፤ ግልገሉም ደንግጦ ከሣጥን ሥር ይገባል። በዚህ ጊዜ ከቤቱ ሰዎች አንዱ «ይህች ምቀኛ!» ብሎ ነባሪቱን በጫማ ይመታታል። ከዚያ ቀን ጀምሮ እርሷ ከቤት መራቅ ታበዛለች፤ በጎረቤት ጣሪያ ታድራለች፤ በመጨረሻም ሳትመለስ ትቀራለች። ስምንትና አሥር ዓመት ጎተራ የጠበቀች እንስሳ በአንድ ሰዓት ችኮላ ጠፋች ማለት ነው።

ነገር ግን ፍርድ ከመስጠት አስቀድሞ የተከሳሿን ነገር መመርመር ይገባል። እርሷ አፍ አውጥታ ለመናገር ስለማትችል ተፈጥሮዋ ይናገርላት። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2007 ዓመት የታተመ የዘር ምርመራ እንዳስረዳው፥ የቤት ድመት ዘሯ ከቅርብ ምሥራቅ የዱር ድመት የመጣ ነው። ከሰው ጋራ መኖሯም እጅግ የቆየ ነው፤ በቆጵሮስ ደሴት 9,500 ዓመት ያህል የሆነው የሰው መቃብር ሲቈፈር፥ ከሰውዬው አጠገብ የተቀበረች ድመት እንደ ተገኘች በ2004 ዓመት ተገልጿል። ይሁን እንጂ የዱር ድመት ብቻዋን የምታድን አውሬ ናት። ምግቧ አይጥና ወፍ ስለ ሆነ፥ የያዘችው ለአንድ እንጂ ለሁለት አይበቃም። አንበሳ ከወገኖቹ ጋራ ያድናል፤ ውሻም ከተጣላ በኋላ ጭራውን ዝቅ አድርጎ መታረቅን ያውቃል። ለድመት ግን እንዲህ ያለው የዕርቅ ሥርዐት እምብዛም አልተሰጣትም፤ ከተጣላችው መራቅን ትመርጣለች። ስለዚህ የመጀመሪያው መተያየት ከተበላሸ ኋላ ማቃናት ጭንቅ ነው።

ድመት ርስቷን የምታስከብረው በጠረን ነው። ጉንጯን በመቃኑ፥ በጠረጴዛው እግር፥ በጌታዋም ልብስ ጫፍ ላይ የምታሻሸው ለቍልምጫ ብቻ አይደለም፤ ከጉንጯ የሚወጣውን ጠረን እንደ ድንበር ምልክት እያኖረች ነው። ቤቱ የራሷን ጠረን ሲሸታት ልቧ ያርፋል። የሌላ ቤት ጠረን ይዞ ድንገት የገባ ግልገል ግን፥ ያለ ጠሪ በሰው ርስት እንደ ገባ ሰው ነው። እንግዲህ እኛ ምቀኝነት የምንለው ፍርሀት ነው፤ ፍርሀትም በዱላ አይወጣም። «ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ» ብለው አባቶቻችን የተረቱትን፥ ለመውቀስ ብቻ ሳይሆን ዓመሏን ዐውቀን ለመያዝም ልንጠቀምበት ይገባል።

የሚደረገው ነገር እንደሚከተለው ነው።

አንደኛ፤ ግልገሉ ዕድሜው 8 ሳምንት ሳይሞላ ከእናቱ አይለይ፤ እስከ 12 ሳምንት ቢቆይ ይልቁን ይሻላል። በጨዋታ ጊዜ ንክሻውንና ቧጨራውን መመጠን የሚማረው ከእናቱና ከወንድሞቹ ነውና። ከነባሪቱም ጋራ ከመገናኘቱ በፊት የእንስሳት ሐኪም ይየው። የሆድ ትልና ቍንጫ ሊኖርበት ይችላል፤ በትውክትና በተቅማጥ ድመቶችን የሚፈጅ ተላላፊ በሽታም አለ። የዚህንና የእብድ ውሻ በሽታን ክትባት ሁለቱም በጊዜው ማግኘት አለባቸው።

ሁለተኛ፤ ግልገሉ በመጣበት ቀን ነባሪቱ ሳታየው ወደ ተለየ ክፍል ይግባ። በዚያም የራሱ መኝታ፥ ምግብና ውሃ፥ የሚጸዳዳበትም አሸዋ የተሞላ ሣጥን ይዘጋጅለት። ትርፍ ክፍል የሌለው ሰው ፊቱ በወንፊት ሽቦ የተሸፈነ ሰፊ የእንጨት ሣጥን ያሠራ። በዚህ ዐይነት ቢያንስ አንድ ሳምንት፥ ጤንነቱ ካልታወቀ ሁለት ሳምንት ይቆይ። በዚህ ሁሉ ጊዜ የነባሪቱ የምግብ ሰዓትና የመኝታ ስፍራ አይለወጥ።

ሦስተኛ፤ ከመተያየታቸው በፊት በጠረን ይተዋወቁ። ንጹሕ ጨርቅ ወስዶ የግልገሉን ጉንጭ ማሸትና ነባሪቱ በምትውልበት አቅራቢያ ማኖር፤ የእርሷንም ጠረን በሌላ ጨርቅ ወደ እርሱ መውሰድ ነው። ጨርቁን በግድ ወደ አፍንጫዋ ማቅረብ አይገባም። ጥቂት ቀን ቆይታ አሽትታ ዝም ብላ ካለፈች፥ የመጀመሪያው በር ተከፈተ ማለት ነው።

አራተኛ፤ በተዘጋው በር ወዲያና ወዲህ ምግባቸው ይሰጣቸው። ሳህኑ መጀመሪያ ከበሩ ይራቅ፤ ነባሪቱ ያለ ሥጋት ስትበላ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ይቅረብ። እንዲህ ሲሆን የእንግዳው ጠረን ከጥጋብ ጋራ እንጂ ከጠብ ጋራ አይታሰባትም። ከዚያ በኋላ በወንፊቱ ወይም በጠባብ የበር ስንጥቅ ይተያዩ።

አምስተኛ፤ በአንድ ክፍል የሚገናኙበት ቀን ሲደርስ፥ ግልገሉ አስቀድሞ ተጫውቶ ይድከም። ሁለቱንም ማቀፍ ወይም ማቀራረብ አያስፈልግም፤ ሥጋ ቍራሽ እየሰጡ በየፊናቸው መተው ነው። ነባሪቱ የምትሸሽበት ከፍ ያለ መደርደሪያ ይኑራት። የመጀመሪያው ግንኙነት ከጥቂት ደቂቃ አይብለጥ፤ ጠብ ሳይነሣ በሰላም ይፈጸም። ጠብ ቢነሣ በመካከላቸው ሳንቃ ወይም ወፍራም ጨርቅ ይግባ እንጂ እጅ አይግባ። ልጆችም ይህን ይማሩ፤ የተነከሰ ወይም የተቧጨረ ልጅ ቢኖር ቍስሉ 15 ደቂቃ ያህል በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ታጥቦ ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።

ነባሪቱ አልፎ አልፎ «ፍስስ» ብትል፥ ወይም ጥፍሯን ሳታወጣ ግልገሉን በመዳፏ ብትመታው፥ ሥርዐት ማስተማሯ ነውና ጣልቃ አንግባ። ነገር ግን እያሳደደች ከጥግ ብታስጨንቀው፥ ወይም ወደ ምግቡ እንዳይሄድ መንገድ ብትዘጋበት፥ ወደ ቀደመው ደረጃ ተመልሶ እንደገና መጀመር ነው። ከሁሉ የሚያስፈራው ዝም ብሎ መጐዳት ነው። ያዘነች ድመት ሁለት ቀን ምግብ ብትተው ጉበቷ ሊታመም ይችላል፤ ወንድ ድመትም ሽንት ለመሽናት እየተቀመጠ ምንም ካልወጣው በጥቂት ቀን ውስጥ ሊሞት ስለሚችል በዚያው ቀን ሐኪም ይየው።

ስለ አኗኗራቸው ደግሞ፥ የሳህናቸው ነገር የተለየ ይሁን፤ የአሸዋውም ሣጥን ለሁለት ድመት ሦስት ቢሆን መልካም ነው። ለግልገል የላም ወተት መስጠት በአገራችን የተለመደ ቢሆንም ብዙውን ጊዜ ተቅማጥ ያመጣበታልና ውሃና ሥጋ ይሻለዋል። ግልገሉም ከ4 እስከ 6 ወር ሲደርስ እንዳይወልድ ስለሚደረገው ሕክምና ሐኪሙን መጠየቅ ያሻል፤ የድመት እርግዝና 9 ሳምንት ያህል ብቻ ስለ ሆነ፥ ሁለት የነበሩት በጥቂት ጊዜ ሰባትና ስምንት ይሆናሉ።

ይህ ሁሉ ሳምንታት፥ አንዳንድ ጊዜም ወራት ሊወስድ ይችላል። ሁሉም ድመቶች በአንድ ምንጣፍ ተቃቅፈው ይተኛሉ ብለን ተስፋ አናድርግ፤ እንደ ሁለት መልካም ጎረቤቶች በየድንበራቸው ቢኖሩ በቂ ነው። ብቻ የቤቱ ሰዎች ሁልጊዜ ሰላምታውንም ምግቡንም አስቀድመው ለነባሪቱ ይስጡ። የግልገል ጨዋታ ዐይን ይስባልና ሰው ሳያስበው አሮጌይቱን ይረሳታል።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይባላል፤ «ቀስ በቀስ ዕንቍላል በእግሩ ይሄዳል» ደግሞ ይባላል። አዲስ የሚያስገባ ሁሉ ነባሩን አስቀድሞ ያክብር፤ የነባሩ ክብር ሲጠበቅ ለአዲሱም ስፍራ ይገኛልና። በቤት እንስሳ ይህን ትዕግሥት የሚያዩ ልጆች፥ ነገ እንግዳ ሠራተኛ ወይም ወላጅ የሌለው ዘመድ ወደ ቤታቸው ሲገባ፥ ለገባውም ለነበረውም ማሰብን ከዚሁ ይማራሉ።