ዝም ያለ ሁሉ አልሞተም

አንድ ዕቃ አልታዘዝ ሲል ሳይመረምሩ «ሞቷል» ብሎ መጣል በመካከላችን ሥር የሰደደ ልማድ ነው። «ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገሉ ጎፈሬ» የሚለው የአበው ቃል ለመሣሪያም ይሠራል። ይህንም የምናነሣው በቤት ኮምፒዩተር ሆድ ውስጥ ስለሚሰካው ሞደም ነው።

ኢንተርኔት በአገራችን ለሕዝብ በተከፈተበት በ1989 ዓ.ም. መንገዱ ተራው የስልክ ሽቦ ነበር። ሞደም የኮምፒዩተሩን ቋንቋ ወደ ድምፅ ለውጦ በሽቦው ይሰዳል፤ የመጣለትንም ድምፅ መልሶ ይተረጉማል። ዛሬ ብዙው ሰው በሞባይል ቢገለገልም፣ አሮጌ ኮምፒዩተር በእጁ ላለ ሰው የምርመራው ሥርዓት ያው ነው።

ምርመራው ከቀላሉ ይጀመር። በመጀመሪያ ሽቦውን ከኮምፒዩተሩ ነቅሎ በስልክ ላይ መሰካትና ድምፅ መኖሩን ማዳመጥ ነው፤ ስልኩም ዝም ካለ ጥፋቱ የመስመሩ እንጂ የሞደሙ አይደለም። ቀጥሎ በሞደሙ ጀርባ ካሉት ሁለት ቀዳዳዎች አንዱ የመስመሩ፣ ሌላው የስልኩ ስለሆነ አለመለዋወጣቸውን ማየት ይገባል። ከዚያም ኮምፒዩተሩን አጥፍቶ፣ የኤሌክትሪኩን ገመድ ነቅሎ፣ ሞደሙን ከሥፍራው አውጥቶ አጥብቆ መመለስ ነው።

ይህ ሁሉ ካልረዳ ድራይቨር የሚባለው ፕሮግራም ይመርመር። ብዙዎቹ ርካሽ የውስጥ ሞደሞች ሥራቸውን የሚሠሩት በኮምፒዩተሩ ጉልበት ስለሆነ፣ ፕሮግራሙ ሲጠፋ ዲዳ ይሆናሉ። በመጨረሻም ኤ እና ቲ የተባሉትን ሁለት ፊደሎች ጽፎ መላክ ነው፤ ሞደሙ «ኦኬ» ብሎ ከመለሰ በሕይወት አለ ማለት ነው።

በእርግጥ የሚሞትበትም ጊዜ አለ። በክረምት ጉና ሲያጉረመርም፣ መብረቅ በስልክ ሽቦ ገብቶ ሞደሙን ሊያቃጥለው ይችላል። የተቃጠለውን ከመለወጥ በቀር መድኃኒት የለውም። ስለዚህ የደብረ ታቦርና የአካባቢው ወንዛዮቻችን ደመናው ሲጠቁር የስልኩንም የኤሌክትሪኩንም ገመድ አስቀድመው ቢነቅሉ ይበጃል። ነጐድጓዱ ከጀመረ በኋላ ግን ገመዱን መንካት ለሰውም አደጋ ነው።

ዋናው ቁም ነገር ከሞደሙ በላይ ነው። በዚያው በደብረ ታቦር አጠገብ፣ በጋፋት፣ አፄ ቴዎድሮስ በ1850ዎቹ ዓ.ም. ከአውሮፓ የመጡ ባለሙያዎችንና የአገሩን ሠራተኞች አሰልፈው ሴባስቶፖል የተባለውን ታላቅ መድፍ አሠርተዋል። እንዲህ ያለ ሥራ በተሠራበት አገር ብረት ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪው «ቡዳ» እየተባለ ሲናቅ ኖሯል። የእጅ ሙያ በተናቀበት አገር ጠጋኝ ይጠፋል፤ ጠጋኝ በጠፋበትም ሽቦው የላላ ዕቃ ሁሉ እንደ ሞተ ይቈጠራል፤ ድኻውም ለማያስፈልገው አዲስ ዕቃ ገንዘቡን ያወጣል።

ስለሆነም ወላጆች ልጆቻቸው አሮጌውን ኮምፒዩተር ፈትተው እንዲገጥሙ ይፍቀዱላቸው፤ ትምህርት ቤቶችም በሥርዓት መመርመርን እንደ አንድ ትምህርት ያስተምሩ እንላለን። መፍረድ የሚገባው ከምርመራ በኋላ ነው።