የመኪና ብዛት ወጥ አያጣፍጥም

አዲስ አበቤ ስለ ምግብ ቤት ሲመክር የሚያምነው ምስክር አንድ ብቻ ነው፤ መኪና። «የቱ ቤት ይሻላል?» ብላችሁ ጠይቁት፤ «መኪና የተደረደረበትን አይታችሁ ግቡ» ይላችኋል። ሱሉልታም ይሁን ቡራዩ፣ ሰበታም ይሁን ሆለታ መልሱ አይለወጥም። እኔ ግን ይህ ምክር ከንቱ ብቻ ሳይሆን ጎጂም ነው ባይ ነኝ። ከንቱ የሚሆነው መኪና ስለ ባለቤቱ ኪስ እንጂ ስለ ወጡ የሚመሰክረው ነገር ስለሌለ ነው። ጎጂ የሚሆነው ደግሞ የእነዚህን ከተሞች ማዕድ ቀስ በቀስ እየለወጠ የአገሩን ሰው ከገዛ ወንበሩ ስለሚያስነሣው ነው።

ነገሩን በሆለታ እንየው። ሆለታ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ፣ በአምቦ መንገድ ላይ፣ አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ ደጋ ከተማ ናት። እንግዳ መመገብ የጀመረችው ትናንት አይደለም። አፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት አሠርተውባታል። በ1927 ዓ.ም. በስዊድን መኮንኖች አስተማሪነት የጦር ትምህርት ቤት ተከፍቶባታል። በ1958 ዓ.ም. የተቋቋመው የእርሻ ምርምር ኢንስቲትዩትም ከዋና ዋና ጣቢያዎቹ አንዱን እዚሁ አድርጓል። በዚህ ላይ ወደ አምቦና ወደ ወለጋ የሚያልፈውን ሾፌርና ረዳት፣ ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣውን መምህር፣ ክፍል ተከራይቶ የሚማረውን ተማሪ ጨምሩበት። ይህ ሁሉ ሰው ጓዳም ምድጃም የለውም። «የአገሩ ሰው የሚበላው ከቤቱ ነው፤ ምግብ ቤት የእንግዳ ነው» የሚሉ ወገኖች የሚያወሩት ስለ የትኛው ከተማ እንደሆነ አይገባኝም።

ታዲያ ይህ ሰው የት ይበላል? እኔ እንዳየሁት ከሆነ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ ከበሩ ላይ መጋረጃ እንጂ ማስታወቂያ ካልተንጠለጠለበት ቤት ነው። ሽሮው በሸክላ ድስት እየተንተከተከ ይመጣል። በጾም ቀን በየዓይነቱ አለ። ጧት ወተቱ ከነትኩሳቱ ይቀዳል። የዚህ ቤት ትልቁ ንብረት ግን ድስቱ ሳይሆን የዱቤ ደብተሩ ነው። መምህሩ ወሩን ሙሉ በልቶ ደመወዝ ሲወጣ ይከፍላል። ባለቤቷ «እማማ» ወይም «እትዬ» ትባላለች፤ የደንበኛዋን ስም፣ ሥራውን፣ በርበሬ የማይስማማው መሆኑንም ሳይቀር ታውቃለች።

የዚህን ደብተር ነገር በቀላሉ እንዳታዩት። ደብተር ያለው ቤት ደንበኛውን ማታለል አይችልም። ዛሬ የከረመ ወጥ ቢያቀርብለት ነገ ፊቱን ያየዋል፤ ቢቀየም ደግሞ ዕዳውን ይዞ ወደ ጎረቤት ይሻገራል። የእሑድ እንግዳ የሚጎርፍበት ቤት ግን የሚፈራው የለም። አንድ እሑድ ከከተማ ከመጡ ወዳጆቼ ጋር መኪና ከተደረደረበት ቤት ገብተን የታዘዘልን ጥብስ ደርቆ፣ ሒሳቡ ግን ረጥቦ መጣልን! አስተናጋጁን ብንጠይቀው ትከሻውን ነቅንቆ ሄደ። ለምን ይጨነቃል? ተመልሰን እንደማንመጣ፣ በእኛ ቦታ ሌላ መኪና እንደሚቆም ያውቃል። እንግዲህ ፍረዱ፤ ስለ ወጥ ጥራት የበለጠ ዋስትና የሚሰጠው መኪናው ነው ወይስ ደብተሩ?

ወደ ባሰው ጉዳይ ልለፍ። የሆለታ ዙሪያ የገብስ፣ የድንችና የወተት አገር ነው። ጃለኔ፣ ጉደኔና በለጠ የሚባሉት የድንች ዝርያዎች የወጡት ከዚሁ ምርምር ማዕከል ነው። ሆልከር የተባለው የቢራ ገብስም የዚሁ ማዕከል ልጅ ነው። አባቶቻችን ገብስን የእህል ንጉሥ ይሉታል። ነገር ግን እኔ በገባሁባቸው የመንገድ ዳር ሆቴሎች ንጉሡን ፈልጌ አጥቻለሁ። የምግብ ዝርዝሩን ስከፍት የሚቀበለኝ ስፓጌቲ፣ ላዛኛና ክለብ ሳንድዊች ነው። ገንፎ የለም። ቅንጬ የለም። የተቆላ የገብስ ዱቄት በተነጠረ ቅቤ ታሽቶ የሚሠራው፣ ለኦሮሞ ቤተሰብ የክብር ምግብ የሆነው ጭኮ የለም። ገብሱ ከጠረጴዛው ላይ የሚገኘው በጠርሙስ ብቻ ነው! ሰበታ ላይ በ1950ዎቹ የተቋቋመው የሜታ ቢራ ፋብሪካ ይኸው አለልን፤ ቢራውን እንጠጣ፤ ግን እህሉ መብልም እንደነበረ አንርሳ። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ማለት ይህ ነው።

የወተቱም ነገር እንዲሁ ነው። ረቡዕና ዓርብ፣ ከዚያም በሁዳዴ ሃምሳ አምስት ቀን፣ የወተት ፈላጊ ሲቀንስ ገበሬው ያለበውን የት እንደሚያደርሰው ይጨነቃል፤ ወደ ቅቤና ወደ አይብ ይመልሰዋል። ጾሙ ሲፈታ እርጎና አይብ በኩራት የሚያቀርብ ገበታ በየመንገዱ ቢኖር ከዚያ ጭንቀት ጥቂቱ ይቃለል ነበር። የከተማው እንግዳ ግን ላሞቹን ከመስኮት እያየ አልፎ፣ ከሆቴሉ ገብቶ ከቆርቆሮ የተቀዳ የወተት ዱቄት በማኪያቶ ይጠጣል።

እዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞ እንደሚነሣብኝ አውቃለሁ። አንደኛው «ደንበኛ የጠየቀውን መሸጥ ነጋዴነት ነው» የሚል ነው። እውነት ነው፤ ሥጋ ቤቱን ማንም ዝጋ አላለውም፤ ጥሬ ሥጋም የራሳችን ነው። ነገር ግን ደንበኛ ያላየውን ሊጠይቅ አይችልም። ሁለተኛው «ገንፎና ጭኮ የጓዳ ምግብ ነው፤ ገበያ ሲወጣ ይዋረዳል» የሚል ነው። ክትፎስ? ክትፎ የጉራጌ ቤት የመስቀል ድግስ ነበር፤ ዛሬ በየከተማው ይሸጣል፤ ክብሩ ጨመረ እንጂ ምን ጎደለበት? ጨጨብሳስ ትናንት ከጓዳ ወጥቶ ዛሬ የአዲስ አበባ ካፌዎች ሁሉ ቁርስ አልሆነም እንዴ? የሚያዋርደው መሸጡ ሳይሆን መሸሸጉ ነው።

ይህን ሁሉ የምለው ስለ ጣዕም ብቻ ብዬ አይደለም። ሰበታን፣ ቡራዩንና ሱሉልታን ያቀፈው ሸገር ከተማ በ2015 ዓ.ም. ተመሥርቷል። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳው ዶሮ ማነቂያ ሲፈርስ ከመኖሪያዎቹ ጋር ትናንሽ ምግብ ቤቶችም አብረው ሄደዋል። ከአዲስ አበባ የተነሣው የኮሪደር ልማት ወደ ሌሎች ከተሞችም ተስፋፍቷል። መንገድ መስፋቱን፣ መብራት መብዛቱን የሚጠላ የለም። ጥያቄዬ ሌላ ነው። መንገዱ ሲሰፋ ቀድሞ የሚነሣው የትኛው ቤት ነው? ፎቁ ሆቴል ነው ወይስ መጋረጃ የተንጠለጠለበት? ገማቾች ሲመጡ የሚለኩት ግድግዳና ጣራ ነው። የዱቤ ደብተሩን ማን ይለካዋል? ያቺ ሴት ወደ ሌላ ሰፈር ስትሄድ ደብተሩ ላይ ስማቸው የሰፈረው አርባና ሃምሳ ሰዎች በወር መጨረሻ ሳምንት ማን ያበላቸዋል? ሆቴሉ ነው?

ስለዚህ የከተሞቹ ሹማምንት ስለ «ቱሪዝም» ሲያቅዱ ከሆቴል ኮከብ በፊት ይህን ደብተር ይቁጠሩ። ለትናንሽ ምግብ ቤቶች ከዋናው መንገድ ሳይርቅ፣ ኪራዩ ሳይከብድ፣ ውኃ ያልተለየው ቦታ ይከልሉላቸው። የሆቴል ባለቤቶችም ከስፓጌቲው አጠገብ አንዲት መስመር ለገብሱ ይስጡት፤ ሒሳቡ አይጎዳቸውም።

አንባቢ ሆይ፣ አንተም ድርሻ አለህ። በሚቀጥለው እሑድ በአምቦ መንገድ ስትወጣ መኪና አትቁጠር። ወርደህ መምህሩን፣ ረዳቱን፣ ከገበያ የምትመለሰዋን እናት ጠይቅ። «አንተ ራስህ የት ነው የምትበላው?» በላቸው፤ «የት ልብላ?» አትበል። በሁለቱ ጥያቄዎች መካከል ያለው ልዩነት በበሶና በስፓጌቲ መካከል ያለውን ያህል ሰፊ ነው።