ስኳር ይዞ ሥራ መዋል፦ ለአማራ ክልል ጤና ቢሮ የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለአማራ ብሔራዊ ክልላዊ መንግሥት ጤና ቢሮ
ባሕር ዳር

ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ስኳሩ ሥራ ላይ ሳለም ይወጣል፣ ይወርዳል። የመድኃኒቱ መጠን የሚወሰነው በቀጠሮ ቀን፣ አንድ ጠዋት በተለካ ቁጥር ነው፤ ታማሚው ግን የቀሩትን ቀናት በአጨዳ፣ በቁፋሮና በሸክም ያሳልፋቸዋል። በወገል ጤናና በዙሪያዋ ይህ ክፍተት ሰፊ ነው። ወገል ጤና የምትገኝበት የደላንታ አምባ በበሽሎና በጂጣ ሸለቆዎች መካከል የተቀመጠ ነው፤ ወደ ማሳም ወደ ገበያም ሲኬድ ቁልቁለትና ዳገት አይቀርም። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ኦፓል የተባለው የከበረ ድንጋይ የተገኘበት ንብርብር በገደሉ ወገብ ስለሚያልፍ ብዙ ወጣት በእጅ መሣሪያ ዋሻ እየፈለፈለ ይውላል። ለቢሮው የሚቀርበው ጥያቄ አንድ ነው፤ የስኳር ሕክምና ይህን የሥራ ቀን ተከትሎ ይደራጅ።

ስኳር የጠገበ ሰው በሽታ ነው የሚለው አባባል ገጠር ላይ ብዙ ሰው ጎድቷል። ፕሮፌሰር ሽታዬ ዓለሙና ባልደረቦቻቸው ከጎንደር በ2009 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት እንዳሳዩት፣ በገጠር ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸው ታማሚዎች አብዛኞቹ ድሆችና ከሲታ ሰዎች ናቸው። ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን ከምግብ እጥረት ጋር የሚያያዘውን ስኳር «ዓይነት 5» ብሎ የተቀበለው ገና በ2025 እ.ኤ.አ. ነው። ስለዚህ ውኃ የሚጠማው፣ ሌሊት ለሽንት የሚመላለስና ክብደቱ የቀነሰ ቀጭን የቀን ሠራተኛ ጤና ጣቢያ ሲመጣ፣ ለትልም ሆነ ለሳንባ ነቀርሳ ከሚደረግለት ምርመራ ጋር ጣቱ ተወግቶ ስኳሩ መለካት አለበት።

ከሁሉ በላይ መታየት ያለበት የሰዓቱ ጉዳይ ነው። በመንግሥት ጤና ተቋማት በብዛት የሚሰጠው ኤንፒኤች የተባለው ደመና መሳይ ኢንሱሊን ከተወጋ ከ4 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ኃይሉ ይበረታል። ጧት 12 ሰዓት ላይ የተወጋ ሰው መድኃኒቱ የሚበረታበት ከረፋዱ 4 እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ነው ማለት ነው፤ ጉልበት የሚፈስበትም ይኸው ጊዜ ነው። የሚሠራ ጡንቻ በራሱ ስኳር ከደም ይስባል፤ ሥራው ከቆመ በኋላም እስከ ማግስቱ ድረስ መሳቡ ሊቀጥል ይችላል። ጭኑ ላይ ተወግቶ ገደል የሚወርድ ወይም ክንዱ ላይ ተወግቶ ዶማ የሚያነሣ ሰው ደግሞ መድኃኒቱ ቶሎ ይሰራጭበታል፤ ለሥራ ቀን ሆድ ላይ መወጋት ይሻላል። እነዚህ ነገሮች ተደራርበው ምሳ ከዘገየ ስኳሩ ይወርዳል።

ስኳር ከ70 ሚሊግራም በዴሲሊትር በታች ሲወርድ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ያጠምቃል፣ ልብ ይመታል፣ ርኃብ ያጣድፋል። ካልተደረሰለት ሰውየው ይቀባዥራል፣ ይቆጣል፣ በመጨረሻም ራሱን ይስታል። አጠገቡ ያሉት ሰዎች ሰክሯል፣ ወይም የሚጥል በሽታ ነው፣ ወይም ተለክፏል ሊሉ ይችላሉ። ገደል አፋፍ ላይ ወይም ዋሻ ውስጥ ይህ ከሆነ አደጋው የስኳሩ ብቻ አይደለም። መፍትሔው ግን ኪስ ውስጥ የሚገባ ነው፦ ሦስት የሻይ ማንኪያ ያህል ስኳር በውኃ በጥብጦ መጠጣት፣ ወይም ግማሽ ጠርሙስ ለስላሳ። ከ15 ደቂቃ በኋላ ካልተሻለ ይደገማል፣ ሲሻል ደግሞ እንጀራ ወይም ዳቦ ይበላል። ቆሎና በሶ ለመንገድ ጥሩ ስንቅ ናቸው፤ ስኳር ለወረደበት ሰው ግን ቀስ ብለው ስለሚፈጩ ቶሎ አይደርሱለትም። ራሱን ለሳተ ሰው አፉ ውስጥ ምንም አይጨመርም፤ ጤና ጣቢያ ተወስዶ ግሉኮስ በደም ሥር ይሰጠዋል። ይህን ታማሚው ብቻ ቢያውቀው አይጠቅምም፤ ያን ጊዜ እሱ ራሱን አያውቅምና። አብሮት የሚቆፍረውና አብሮት የሚያጭደው ሰው ማወቅ አለበት።

ከደቦ መልስ የሚጠጣ ጠላና አረቄም የራሱ አደጋ አለው። አልኮል ጉበት አዲስ ስኳር እንዳይሠራ ስለሚያግድ፣ ቀኑን ሲለፋ ውሎ ሳይበላ የጠጣ ሰው ሌሊት ተኝቶ ሳለ ስኳሩ ሊወርድ ይችላል። ጾምም እንዲሁ ነው። በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት የሚቆይ ታማሚ ጧት ሙሉውን መጠን ከተወጋ መድኃኒቱ ባዶ ሆድ ላይ ይበረታል፤ በረመዳን የሚጾመውም ከሱሁር በኋላ ተመሳሳይ ችግር ይገጥመዋል። ሁለቱም ሃይማኖቶች ለታመመ ሰው ፈቃድ አላቸው። እጾማለሁ ያለ ታማሚ ግን ጾሙ ከመግባቱ በፊት መጠኑና ሰዓቱ በባለሙያ ይስተካከልለት እንጂ ተደብቆ እንዲጾም አይተው። የንስሐ አባቶችና ኢማሞች ይህን አውቀው ቢመክሩ ምክራቸው ከነርሷ ቃል በላይ ይሰማል።

ኢንሱሊን ያልተከፈተው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ፣ የተከፈተው ደግሞ ከ30 ዲግሪ በማይበልጥ ስፍራ ለ4 ሳምንት ያህል ይቆያል። ደጋ ላይ ከሙቀቱ ይልቅ ውርጩ ያሰጋል፤ አንዴ በረዶ የሆነ ብልቃጥ ቢቀልጥም አይሠራም። ለቆላው ሁለት ሸክላ አንዱን በሌላው ውስጥ አስገብቶ በመሐል እርጥብ አሸዋ መሙላትና ብልቃጡን ከውስጠኛው ማኖር ይረዳል። ከመድኃኒቱ ሌላ እግርም ጥንቃቄ ይሻል። ኮንጎ ጫማ አድርጎ የሚውል ሰው እግሩን ማታ ማታ ታጥቦ በጣቶቹ መሐል ይይ፤ ስኳር ያደነዘዘው እግር ጠጠር ሲወጋው አይነግረውም።

ለዚህ ሁሉ መሠረት የሚሆን ልምድ በክልሉ ውስጥ አለ። ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ የጎንደር ሐኪሞች የስኳርና የሌሎች ሥር የሰደዱ በሽታዎችን ክትትል ከሆስፒታል ወደ ገጠር ጤና ጣቢያዎች አውርደው፣ የሠለጠኑ ነርሶች ኢንሱሊን የሚወስዱ ገበሬዎችን በቅርባቸው እንዲከታተሉ አድርገዋል። ደላንታም ይህን ትፈልጋለች። በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ደሴ ደርሶ የከተማዋ ሆስፒታል ሲዘረፍ፣ መድኃኒትን በአንድ ትልቅ ተቋም ላይ ማንጠልጠል ምን እንደሚያስከትል ታይቷል። በየጤና ጣቢያው ቢያንስ የ3 ወር ኢንሱሊንና መርፌ ይቀመጥ፤ ቀጠሮው ታማሚው ለሌላ ጉዳይ ከተማ በሚወጣበት የገበያ ቀን ይሁን፤ ነርሷም ከቁጥሩ በፊት ምን ሠርቶ፣ በስንት ሰዓት በልቶ እንደሚውል ትጠይቀው። የኦፓል ቆፋሪ ማኅበራት በየዋሻው አፍ ስኳር እንዲያስቀምጡና ስኳሩ የወረደበትን ሰው መለየት እንዲችሉ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ያሠልጥኗቸው።

መለኪያውን በተመለከተ ቢሮው ብቻ ሊፈታው የሚችለው ነገር አለ። እያንዳንዱ የስኳር መለኪያ የሚቀበለው የራሱን ስትሪፕ ብቻ ነው፤ ስትሪፑ ደግሞ ለአንድ ጊዜ የሚያገለግል ነው። በእርዳታ ከየአቅጣጫው የሚመጣ ልዩ ልዩ መለኪያ ስትሪፑ ሲያልቅ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። ክልሉ አንድ ወይም ሁለት ዓይነት መርጦ ለሁሉም ጤና ጣቢያ ቢያዳርስ፣ ስትሪፑን በዓመት ግዢው ውስጥ አስቀድሞ ቢያስገባና በማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ለሚታከም ሰው በነፃ እንዲሰጥ በግልጽ ቢደነግግ፣ ኢንሱሊን የሚወስድ ቆፋሪ ወይም ገበሬ ጧት ከቤት ሳይወጣና ከሰዓት በኋላ ሥራ ላይ ሳለ ስኳሩን ለክቶ በቀጠሮው ቀን ለነርሷ የሚያሳየው ቁጥር ይኖረዋል።