ትንንሽ አይሮፕላኖች በባሕር ዳርና በመንገድ ላይ ስለ ማረፋቸው

መንገድ ለሚሄድበት ሁሉ ነው፤ የባሕር ዳር አሸዋም ለሚያርፍበት፥ ለሚታጠብበትና ዓሣ ለሚያጠምድበት ሁሉ ነው። ነገር ግን አንድ ስፍራ የሁሉ ነው ማለት እያንዳንዱ ሰው እንደ ወደደ ያድርግበት ማለት አይደለም። ይልቁንም ሕግ ከሁሉ አብልጦ የሚያስፈልገው፥ ብዙ ሰው በሚገናኝበትና የአንዱ ፈቃድ በሌላው ላይ ጕዳት ሊያመጣ በሚችልበት በእንደዚህ ያለው ስፍራ ነው። ቀድሞ በእግረኛና በባለ በቅሎ፥ በኋላም በባለ በቅሎና በአውቶሞቢል መካከል የተነሣውን ክርክር ሕግ ቀስ በቀስ እየወሰነ መጥቷል። ዛሬ ደግሞ በብዙ አገሮች ትንንሽ አይሮፕላኖች ከታወቀው ማረፊያቸው ውጭ በአሸዋና በአውራ ጐዳና ላይ ስለሚወርዱ፥ ይህ የተፈቀደ ነውን? ወይስ የተከለከለ? የሚለው ጥያቄ መልስ ይፈልጋል።

ስለ ሰማዩ የተወሰነው ነገር ግልጥ ነው። በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1944 ዓ.ም. በቺካጎ ከተማ የተፈረመውና አገራችን ኢትዮጵያም የገባችበት የዓለም የአየር ጕዞ ውል፥ እያንዳንዱ መንግሥት ከግዛቱ በላይ ባለው አየር ሙሉ ሥልጣን እንዳለው በመጀመሪያው አንቀጹ ይናገራል። ስለዚህ ማን በየት እንደሚያልፍና በየት እንደሚወርድ መወሰን የየመንግሥቱ ፋንታ ነው። አወሳሰኑ ግን እንደየአገሩ ይለያያል።

በአሜሪካ የማዕከላዊው መንግሥት የአየር ደንብ፥ አይሮፕላን ከታወቀ ማረፊያ በቀር በሌላ ስፍራ አይውረድ ብሎ በአንድ ቃል አይከለክልም። የሚከለክለው የሌላውን ሰው ሕይወት ወይም ንብረት አደጋ ላይ የሚጥለውን ቸልተኛና ደፋር አነዳድ ነው። ከዚህ በቀር መሬቱን የሚያስተዳድሩት ክፍላተ ሀገርና ከተሞች፥ የመሬቱም ባለቤቶች የየራሳቸውን ደንብ ያወጣሉ። በብሔራዊ ፓርኮች ውስጥ ለዚሁ ከተለየው ስፍራ በቀር ማረፍ የተከለከለ ነው፤ በዋሽንግተን ክፍለ ሀገር ግን ኮፓሊስ በተባለው የባሕር ዳር፥ መንግሥት ራሱ ያወቀው የአሸዋ ማረፊያ አለ። በእንግሊዝም አገር ባሕሩ ሲሞላ የሚሸፈነው፥ ሲሸሽ የሚገለጠው ምድር ባለቤት አለው፤ ከዚህም ብዙው የዘውዱ ንብረት ስለ ሆነ፥ በዚያ ሊወርድ የሚወድ ሰው አስቀድሞ ባለቤቱን ማስፈቀድ ይገባዋል። እንግዲህ በአንዱ አሸዋ ላይ የተፈቀደው፥ ጥቂት ኪሎ ሜትር አልፎ ባለው አሸዋ ላይ ወንጀል ሊሆን ይችላል። ነጂውም፦ ከሰማይ ሳየው ባዶ መስሎኝ ነበር ቢል፥ ይህ ቃል ከሕግ አያድነውም።

አሸዋ ራሱ ክፉ ማረፊያ እንዳልሆነ በስኮትላንድ ያለችው የባራ ደሴት ታስረዳለች። በዚያ ከ1936 ዓ.ም. ጀምሮ አይሮፕላኖች በባሕሩ ዳር አሸዋ ላይ እያረፉ መንገደኛ ያመላልሳሉ። ሦስቱ መንደርደሪያዎች ጫፋቸው በእንጨት ምሰሶ የተመለከተ ሲሆን፥ ባሕሩ በሞላ ጊዜ ሁሉም በውሃ ይሸፈናሉ፤ ስለዚህ የጕዞው ሰዓት የሚቈረጠው የባሕሩን ሙላትና ጕድለት እየተከተለ ነው። የነፋሱን አቅጣጫ የሚያሳየው የጨርቅ ከረጢት በተሰቀለ ጊዜ ሕዝቡ ማረፊያው በሥራ ላይ እንደ ሆነ ዐውቆ ከአሸዋው ይርቃል፤ በወረደ ጊዜ ደግሞ አሸዋው ተመልሶ የሕዝቡ ይሆናል። በአንዳንድ የጭንቅ ሌሊትም አይሮፕላን ሊያርፍ ባስፈለገ ጊዜ፥ መንደርደሪያው በአውቶሞቢሎች መብራት እንዲታይ ይደረጋል።

በአውስትራሊያም እንዲሁ ነው። ቀድሞ ፍሬዘር ይባል የነበረውና በ2023 ዓ.ም. ክጋሪ የሚለው የጥንት ስሙ የተመለሰለት ደሴት፥ ረጅሙ የባሕር ዳር አሸዋው በሕግ እንደ አውራ ጐዳና የሚቈጠር ሲሆን ለአይሮፕላንም ማረፊያ ነው፤ አይሮፕላን በመጣ ጊዜ አውቶሞቢሎች መንገድ እንዲለቁለት ታዝዘዋል። በዚያው አገር በ1928 ዓ.ም. የተመሠረተው የበራሪ ሐኪሞች ማኅበር ሐኪም በሌለበት ምድረ በዳ ለሚኖረው ሕዝብ እየደረሰ ያክማል። ለዚህም ሥራ ኤር በሚባለው ረጅም አውራ ጐዳና ላይ በቀለም የተሠመሩ ማረፊያዎች ተለይተውለታል፤ መንገደኛውም በስፍራው በተተከለው ምልክት ይህን ያውቃል፤ አይሮፕላኑ ሊያርፍ ሲል መንገዱ ይዘጋል። በዚያ የአይሮፕላኑ በመንገድ ላይ መውረድ ለቈሰለው ሰው የሕይወት ነገር ስለ ሆነ፥ በመንገድ ላይ ማረፍ ፈጽሞ ይከልከል የሚሉት ሰዎች ይህን ሊያስቡት ይገባል።

እንግዲህ ልዩነቱ በአሸዋውና በሬንጁ መንገድ አይደለም፤ በምድር ላይ ያለው ሰው አስቀድሞ ማወቁና አለማወቁ ነው። የባራ ሰው የተሰቀለውን ከረጢት ያያል፤ የአውስትራሊያ መንገደኛ ምልክቱን ያነብባል። ሳይነገረው በአሸዋ ላይ የተኛ ሰው ግን ምን ያደርጋል? በአገራችን ልማድ ግፍ ሊደርስበት የቀረበ ሰው፦ በሕግ አምላክ! ባለ ጊዜ የያዘው ሰው እጁን ይሰበስባል። ከሰማይ ለሚወርድበት ግን በሕግ አምላክ ሊለው አይችልም። ሞተሩ የጠፋ አይሮፕላን ድምፁን ሳያሰማ የሚመጣ ስለ ሆነ፥ ዘወር ብሎ ለማየት እንኳ ጊዜ አይሰጥም።

ይህም በአሳብ ብቻ የሚነገር አይደለም። በ2017 ዓ.ም. ኦገስት 2 ቀን፥ ይኸውም በእኛ አቈጣጠር በሐምሌ 26 ቀን 2009 ዓ.ም.፥ በፖርቱጋል አገር ለሊዝቦን ከተማ በቀረበው በካፓሪካ የባሕር ዳር፥ አስተማሪና ተማሪ የተሳፈሩበት ሴስና የተባለ ትንሽ አይሮፕላን ሞተሩ ስለ ጠፋበት ሰው በሞላበት አሸዋ ላይ ወረደ። በአይሮፕላኑ ውስጥ የነበሩት ሁለቱ ሰዎች ደኅና ወጡ፤ በአሸዋው ላይ የነበሩ የ56 ዓመት ሰውና የ8 ዓመት ልጅ ግን ሞቱ። በአሜሪካም በፍሎሪዳ የባሕር ዳር በ2014 ዓ.ም. በተመሳሳይ አደጋ አባትና ልጅ ሞተዋል።

ችግር ሕግን ያላላል፤ ይህንም የማያውቅ አገር የለም። የአሜሪካ ደንብ በጭንቅ ጊዜ ነጂው ጭንቁ በሚያስገድደው መጠን ከደንቡ ሊወጣ እንዲችል ይፈቅድለታል፤ ይህም ትክክለኛ ነው። ሞተሩ የቆመበትን ሰው ለምን በመንገድ ወረድህ ብሎ መቅጣት፥ የሚሰምጠውን ሰው ለምን የሌላውን ጀልባ ያዝህ ብሎ እንደ መክሰስ ነው። ነገር ግን፦ በሚያስገድደው መጠን የሚለው ቃል በዋዛ የተጻፈ አይደለም። ችግሩ የነጂው ነው፤ አደጋውን ግን በማን ላይ አሳለፈው? በፊቱ ባዶ ውሃና ሰው የሞላበት አሸዋ ቢኖሩ ማንኛውን ሊመርጥ ይገባዋል? ወደ አየር የወጣው ሰው የበረራን አደጋ ዐውቆና ወዶ ተቀብሏል፤ በአሸዋ ላይ የሚጫወተው ሕፃን ግን ምንም አልተቀበለም። ስለዚህ ምርጫ በቀረ ጊዜ ሁሉ ይቅርታ ሊደረግ ይገባል፤ ምርጫ ሳለ ግን ሚዛኑ በምድር ላይ ወዳለው ሰው ሊያጋድል ይገባል እንላለን።

አንባቢዎቻችን ይህ የሩቅ አገር ነገር ነው ይሉ ይሆናል። ነገር ግን በኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. በጠላፊዎች እጅ የወደቀው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አይሮፕላን ነዳጁ አልቆበት በኮሞሮስ ባሕር ላይ መውረዱን የሚረሳ ኢትዮጵያዊ የለም። ካፒቴን ልዑል አባተ ያሳረፉት በአሸዋው ላይ ሳይሆን ለባሕሩ ዳር በቀረበው ውሃ ላይ ነበር። ከ175ቱ ሰዎች 125ቱ ሞቱ፤ 50ው ሲተርፉ፥ በባሕሩ ዳር የነበሩት ያገሩ ሰዎችና እንግዶች እየደረሱ ረድተዋቸዋል። ያ አይሮፕላን ትልቅ፥ ጭንቁም እጅግ የከፋ ስለ ነበረ ከዛሬው ጕዳያችን ጋራ አንድ ነው አንልም። ይሁን እንጂ እውነተኛ ጭንቅ ምን እንደሚመስል ከዚህ የሚበልጥ ምሳሌ የለም፤ ጭንቅን ምክንያት አድርጎ ለጨዋታ የሚወርድ ሰው ከዚህ ጋራ ሲተያይ ምን ያህል እንደሚያንስ ይታወቃል።

እንዲህ ያሉም ሰዎች አሉ። ሥዕል ለማስነሣት ወይም ለጓደኛቸው ብልሃታቸውን ለማሳየት ደኅና አይሮፕላን ይዘው በሰው መካከል ይወርዳሉ። ያገራችን ሰው፦ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ያለው ይህን ነው። ደግሞም አንዳንዱ በእውነት ተቸግሮ ይወርድና፥ ሞተሩን ካስጠገነ በኋላ ከዚያው መንገድ ላይ ማንንም ሳያስፈቅድ ተመልሶ ለመነሣት ይወዳል። ለመውረዱ ምክንያት የሆነው ጭንቅ አልፏል፤ እንግዲህ መነሣቱ ሌላ ነገር ነው። መንገዱን የሚጠብቀው ፖሊስና የአየሩ ሹም ሳይፈቅዱ፥ መንገዱም ሳይዘጋ ሊነሣ አይገባውም፤ ካልሆነም አይሮፕላኑ ተፈታትቶ በካሚዮን ይወሰድ።

ስለዚህ መልካም ሕግ የሚባለው ሦስቱን ነገሮች ለይቶ የሚያይ ነው። የመጀመሪያው በፈቃድና በምልክት፥ በታወቀ ሰዓትም የሚደረገው ማረፍ ነው፤ ይህ ሊረዳና ሊስፋፋ ይገባዋል፤ ሐኪምና መድኃኒት መንገድ ወደሌለበት የሚደርሱት በዚህ ነውና። ሁለተኛው የጭንቅ ማረፍ ነው፤ ይህ ይቅርታ ይገባዋል፤ ነገር ግን ሳይመረመር ሊታለፍ አይገባም፤ የተመረመረው ለሚመጣው ነጂ ትምህርት ይሆናልና። ሦስተኛው የማናለብኝነት ማረፍ ነው፤ ይህ ሰው ባይሞትበትም እንኳ ቅጣት ይገባዋል፤ ሰው እስኪሞት የሚጠብቅ ሕግ ዘግይቶ የሚመጣ ሕግ ነውና።

የበረራ ትምህርት ቤቶችም በበኩላቸው ተማሪውን ሞተር በጠፋ ጊዜ በወዴት ልውረድ? የሚለውን ብቻ ሳይሆን፥ በዚያ ማን አለ? የሚለውን ጥያቄ አስቀድመው ሊያስተምሩት ይገባቸዋል። የባሕር ዳር ያላቸው መንግሥታትም የሚፈቀደውንና የሚከለከለውን ስፍራ በካርታና በምልክት ለይተው ለነጂውም ለሕዝቡም ቢያስታውቁ፥ ነጂው፦ አላውቅም ነበር የሚለው ምክንያት ይቀርበታል፤ በአሸዋው ላይ የተቀመጠችውም እናት ልጅዋን ያለ ስጋት ታጫውታለች።